የኒሻፑር አሮጊቶች ኢማን

ኪታብ ከገለጡ ወጣቶች አፍ ደጋግሜ የምሰማው ምሬት አለ። «ምንም ሳላውቅ የሰገድኩት ሰላት ይሻለኝ ነበር» ይላሉ። ይህን የሰማ አባትም «ድሮስ መማር ያበላሻል ብዬ አልነበር?» ይላል። ዕውቀት የቀደመውን የዋህነት ያስናፍቃልን? ያስናፍቃል፤ ናፍቆቱም አዲስ አይደለም።

የሐረመይን ኢማም በሚል ማዕረግ የሚታወቁት አል-ጁወይኒ በኒሻፑር ኒዛሚያ መድረሳ ያስተማሩ፣ በዒልሙል ከላም የተራቀቁ ሊቅ ነበሩ። በ478 ዓመተ ሂጅራ (1085 እ.ኤ.አ.) ሊሞቱ ሲሉ ግን በከተማቸው አሮጊቶች ኢማን ላይ ሆነው መሞትን እንደመረጡ ይተረካል። ይህን ወሬ የዕውቀት ጠላቶች በደስታ ይጠቅሱታል። እኔ ደግሞ እጠይቃቸዋለሁ፦ ሊቁ ከአሮጊቶቹ የተመኙት ምንድን ነው? አለማንበባቸውን ነውን? አይመስለኝም። አሮጊቷ ጌታዋን ስትለምን እንደሚሰማት ሳትጠራጠር ነው፤ የተከራካሪ ድምፅ በጆሮዋ አያቃጭልም። ያስቀናቸው ይህ እርጋታ ይመስለኛል።

ተማሪያቸው ኢማም አል-ገዛሊ የባሰ ገጥሟቸዋል። በ488 ዓ.ሂ. (1095) በባግዳድ ኒዛሚያ በታላቅ ክብር እያስተማሩ ሳለ ምላሳቸው ተያዘ፤ ምግብ አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞችም ተስፋ ቆረጡ። ወደ ልጅነታቸው እምነት ለመመለስ ቢሹ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ሆኖም «አል-ሙንቂዝ» በተባለው ኪታባቸው ያ በር እንደተዘጋ አስረድተዋል። ሳይመረምሩ መከተልን በብርጭቆ ይመስሉታል፤ አንዴ ከተሰበረ ማጣበቅ አያዋጣም፣ አቅልጦ እንደገና መሥራት ነው እንጂ።

ሕመሙንም ከዕውቀት አላመጡትም። ኒያቸውን ሲመረምሩ ለማስተማር የሚያነሳሳቸው ዝናና ክብር ሆኖ አገኙት። ከወጣቶቻችን ጋር የሚያገናኘው እዚህ ላይ ነው። ከምናነበው ስንቱ በሻይ ቤት ክርክር ለመርታት የተሰበሰበ ነው? (ረቺው ሲሰግድም ተረቺውን እያሰበ ይሰግዳል።) ለዚያ የተያዘ ዕውቀት ሰላትን ቢያደርቅ ጥፋቱ የኪታቡ አይደለም።

ገዛሊ ከባግዳድ ወጥተው ደማስቆን፣ ቁድስን፣ መካንና መዲናን አዩ። ከአሥር ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ በ499 ዓ.ሂ. (1106) እንደገና ለማስተማር ተቀመጡ። የተቀመጡትም እዚያው በመምህራቸው ከተማ በኒሻፑር ነበር። ስለዚህ አባትየው ልጁን ከኪታቡ ባያስነሳው መልካም ነው። እናቱ ከሱብሒ በኋላ ዱዓ ስታደርግ ግን ልጁ አጠገቧ ይቀመጥ፤ ኪታቡንም ይያዝ።