የወደቀው ወንድም ሲመለስ



በውርጌሳ የገበያ ቀን፣ ቀድሞ ከእኛ ጋር ይጸልይ የነበረ ወንድም ከሩቅ አይቶን መንገድ ቢለውጥ ምን እናደርጋለን? እምነቱን ትቷል፤ በአፉም ክዷል። «ዐውቆ ነው የሄደው፤ ተዉት» የሚል ከመካከላችን አይጠፋም። «ብንቀበለው የጸኑት ምን ይላሉ?» ብሎ የሚፈራም አለ። እርሱ ግን ሌሊቱን «ለእኔ መመለሻ አለኝን?» እያለ ያድር ይሆናል። በዚህ ጥናት ይህን ጥያቄ አብረን እንመልከት።

1. ቃሉ ምን ያስተምረናል?

ጴጥሮስ ጌታውን ሦስት ጊዜ ካደ። ጌታ ግን ገና ሳይወድቅ ጸልዮለት ነበር፤ በተመለሰም ጊዜ ወንድሞቹን እንዲያጸና አደራ ሰጠው (ሉቃስ 22)። ከትንሣኤው በኋላም ለምን እንደ ካደው አልጠየቀውም። ይወደው እንደ ሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቆ በጎቹን ሰጠው (ዮሐንስ 21)።

ይሁን እንጂ ዕብራውያን ምዕራፍ 6ን አንብበው ተስፋ የቆረጡ አሉ። ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ልናቀለው አይገባም። እኛ የምንረዳው እንዲህ ነው፦ ክርስቶስን ዐውቆ እየናቀ ለሚኖር ሰው ከክርስቶስ በቀር ሌላ መሥዋዕት የለውም፤ በሌላ መንገድም ሊመለስ አይችልም። እያለቀሰ ወደ ክርስቶስ የሚመጣ ግን ንስሐን አልናቀም። መመለስን መናፈቁ ራሱ እግዚአብሔር እንዳልተወው ምልክት ነው። ስለዚህ ይህን ምዕራፍ ለልበ ደንዳና እናንብብለት፤ ልቡ የተሰበረውን ግን አንምታበት። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል እንደሚባለው እንዳይሆንብን እንጠንቀቅ።

2. ከታሪክ ምን እንማራለን?

ጥያቄው ለወሎ አዲስ አይደለም። ከውርጌሳ ወደ ደሴ ስንጓዝ የምናገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ16ኛው መቶ ዓመት በኢማም አሕመድ ዘመቻ ከተዘረፉት አንዱ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎች በሰይፍ ፍርሃት ሃይማኖታቸውን ለወጡ። በኋላ ሊመለሱ በፈለጉ ጊዜ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በሯን አልዘጋችም፤ መጽሐፈ ቄደር በሚባለው ሥርዓት በጸሎትና በውሃ ተቀበለቻቸው። እኛ ይህ ሥርዓት የለንም፤ በሩን ክፍት ማድረግን ግን እንማራለን። ደግሞም በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ተገደዋል። ከንፈር ሲገደድ ልብ ወዴት እንደሚቀር ይህ ምድር ያውቃል።

በደርግ ዘመንም ፈተናው ወደ ወንጌላውያን መጣ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ሲያገኙ መንጋቸውን አልተዉም፤ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ በየቤቱ በስውር ተሰብስበው፣ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ሆኖም በእንዲህ ያለ ዘመን ሁሉ አይጸናም። የጸናው ስለ ጸጋው ያመስግን፤ የወደቀውን ግን አይናቅ።

3. እንዴት እንቀበለው?

እ.ኤ.አ. በ250 የሮም ንጉሥ ዴክዮስ ሰውን ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ወደቁ። አንዳንዶች ወዲያው ይመለሱ አሉ፤ ኖቫትያኖስ ግን ቤተ ክርስቲያን ፈጽሞ አትቀበላቸው አለ። የካርታጎው ጳጳስ ቆጵርያኖስና አብረውት የነበሩት ጳጳሳት የእያንዳንዱ ሰው ጉዳይ እየታየ፣ በንስሐ እንዲመለሱ ወሰኑ። እኛም እንዲሁ እናድርግ። አስቀድመን እኛው ቤቱ ድረስ እንሂድ። ያደረገውን በግልጽ ይናዘዝ፤ ሽማግሌዎች ጊዜ ሰጥተው አብረውት ይጸልዩ። ቶሎ ብለን ለአገልግሎት አናቁመው። ይቅርታ ከተደረገለት በኋላ ግን፣ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 2 እንደሚመክረው፣ ኀዘን እንዳይውጠው ፍቅራችንን እናጽናለት፤ የድሮውንም አናንሣበት።

4. ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ቃል

በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ ወሎ በእህል ወረፋ የቆመበትን ቀን አንረሳም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም ሰሜን ወሎ ዳግመኛ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። ስለዚህ ይህን አጥብቀን እንላለን፦ ክዶ የሄደውን ሰው ከእርዳታ ዝርዝር አንሰርዘው፤ ተመለስና እንሰጥሃለን ብለንም አናባብለው። እህሉ የተራበ ሁሉ ነው፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይሁን። በስንዴ የተገዛ መመለስ ስንዴው ሲያልቅ ያልቃል። ስንዴውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሂድ፤ እኛም በሌላ ቀን፣ ባዶ እጃችንን፣ እንደ ወንድም እንጠይቀው።

ለውይይት፦

ሀ. ከጉባኤያችን የራቀና ማንም ያልጠየቀው ማን አለ? ማንስ ይሄድለታል?
ለ. ወንድም ሲመለስ ይበልጥ የምንፈራው የእርሱን መውደቅ ነው ወይስ የሰውን ወሬ?
ሐ. በሥራችን ላይ እርዳታን ከእምነት ጋር ያቆራኘንበት ጊዜ አለን? እንዴት እናርመው?

የጠፋውን ሊፈልግ የመጣው ጌታ ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።