ስሕተትና ምርጫ በእርማት ጊዜ

ለዚህ ግድግዳ ጋዜጣ አንድ ጽሑፍ ሲያርሙ ሁለት ሠልጣኞች ተጣሉ። የሞጣው ልጅ «ብቸና» ብሎ ጽፏል፤ የቢቸናው ሰርዞ «ቢቸና» አለ። ያም መልሶ ሰረዘ። ቀጥሎ በነጠላ ሰረዝ ተነታረኩ። በመጨረሻ ወረቀቱ ተቀደደ። እንዴ! ለመሆኑ ማን ተሳሳተ? ማንም። «ጎጃም» እና «ጐጃም»ም እንደዚሁ ናቸው።

አራሚ በቅድሚያ ስሕተትን ከምርጫ ይለይ። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ ሲሆን «ሰረቀ» ግን ያው መስረቅ ነው፤ እዚህ ላይ ፊደሉ ፍች ስለሚለውጥ ይታረማል። በአማርኛ «ጸሐይ» ብሎ የጻፈ ግን ያችኑ ፀሐይ ነው ያለው። ነገ ክፍል ገብተን በእንዲህ ያለው ላይ ቀይ እስክሪብቶ ብናሳርፍ ልጁ መጻፍ ይፈራል።

ቢቸና አካባቢ ያለችውን ዲማን በልቦለዳቸው ያነሡት ሐዲስ ዓለማየሁ (ስማቸው ራሱ «ሀዲስ»ም ተብሎ ይጻፋል) በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቆ በሚነበብ ፊደል ላይ ነጥብ አድርገዋል። ተከታይ አልበዛላቸውም፤ መጽሐፉን ግን ማን ጠላው?

እንግዲህ ነገሩ ምርጫ ከሆነ የጸሐፊው ይጽና፤ አራሚው ሐሳቡን ዳር ላይ በእርሳስ ያስፍር። በአገር ስም ግን የአገሩ ልጅ ይሰማ። የተቀደደውን ጽሑፍ «ቢቸና» ብለን ገለበጥነው። የሞጣው ልጅ ከነጠላ ሰረዞቹ አንዷንም አላስነካም።