ባትሪ ጎተራ ነው እንጂ ማሳ አይደለም፦ በሞተር ሳይክል ላይ ተጨማሪ መብራትና ቻርጀር ስለ መግጠም

የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ኤሌክትሪክ ለመጻፍ ምን አገባቸው የሚል እንደማይታጣ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ባለማወቃችን በአንድ ሌሊት ክፉኛ ስለ ተቀጣን፥ የተማርነውን ለጓደኞቻችን ማካፈል ዕዳችን ነው። ከመካከላችን ሞተር ሳይክል የሚነዳው ጥቂት አይደለም፤ ከሚነዳውም ውስጥ የስልክ ቻርጀር ወይም ተጨማሪ መብራት ለመግጠም የማይመኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደሴ የምንማር ሦስት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል ገዛን። የደሴን ጉም ያየ ያውቀዋል፤ በተለይ በክረምት ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለመድረስ የፊት መብራት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ሁለት የጉም መብራትና የባትሪውን ቮልት በቁጥር የሚያሳይ አንድ የስልክ ቻርጀር ገዛን። ባለሙያም ሳንጠይቅ ሽቦውን ሁሉ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አሰርነው። በራ፤ ደስም አለን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ በፈተና ሰሞን፥ አብሮን የሚኖረው ጓደኛችን ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ሆዱን ይዞ ይጮኽ ጀመር። ሞተር ሳይክሊቱን አውጥተን ማስነሻውን ብንጫን «ጠቅ» ከማለት በቀር ሞተሪኖው አልዞረም። በእግር የሚረገጠው ማስነሻ ከተሰበረ ቆይቷል፤ «ባትሪ እያለ ምን ያደርጋል» ብለን ሳናሠራው ቀርተናል። ገፍተን ለማስነሣት ሞከርን፤ እርሱም አልሆነም። በመጨረሻ በሽተኛውን ተሸክመን ወደ ዋናው መንገድ ወጣን፤ ባጃጅ እስኪመጣም በዝናብ ቆመን ጠበቅን። ሕመሙ ትርፍ አንጀት ነበር፤ በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ዳነ። ሐኪሙ «ለምን ዘገያችሁ?» ሲለን ግን የምንሰጠው መልስ አልነበረንም።

ስሕተታችን ባትሪን የኀይል ምንጭ አድርገን መቁጠራችን ነው። ባትሪ ጎተራ ነው እንጂ ማሳ አይደለም። ማሳው ከሞተሩ ጋር የሚሽከረከረው ማግኔትና በአጠገቡ ያለው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው። ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. አሳየ። እንደገና የሚሞላውን የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እ.ኤ.አ. ሠራ። እነዚህ ሁለቱ በሞተር ሳይክል ላይ ተባብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ያመርታል፥ ሌላው ያጠራቅማል። ሬጉሌተር የሚባለው ዕቃ በመካከላቸው ሆኖ የመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው በሚስማማ መጠን ያቀብላል።

እንግዲህ የቤት ወጪ እንደሚታሰብ ይህም ይታሰብ። የኀይል መስፈሪያው ዋት ነው፤ እርሱም ቮልት በአምፔር ሲባዛ ይገኛል። አንዲት ትንሽ ሞተር ሳይክል ሞተሯ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ 100 ዋት ታመነጫለች እንበል፤ ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሥሪቷ ስለሚለያይ ከመመሪያ መጽሐፏ ይታያል። ከዚህ ውስጥ የፊት መብራት 35፥ የኋላ መብራትና የሰሌዳው መብራት 10፥ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ክፍል 20 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 65 ይሆናል። የቀረው 35 ዋት ባትሪውን መልሶ የሚሞላ ነው። እኛ የጨመርነው ግን ሁለት ባለ 20 ዋት መብራትና 10 ዋት የሚወስድ ቻርጀር፥ በጠቅላላው 50 ዋት ነበር። ስለዚህ ባትሪው መሞላቱ ቀርቶ 15 ዋት ከራሱ ያወጣ ጀመር።

የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ሞተሩ በቀስታ ሲዞር የሚመነጨው ኀይል ያንሳል፤ በጉም ውስጥ ደግሞ ሁሉም ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። መብራት እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ገቢው ይቀንሳል ማለት ነው። ገቢው ወደ 60 ዋት ቢወርድ ጉድለቱ 55 ዋት ይሆናል፤ ይህም በ12 ቮልት ሲካፈል 4.6 አምፔር ያህል ነው። የእኛን የመሰለ 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህን ቢችል ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ሞተሪኖውን ለማዞር ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ይደክማል። ብርድም የባትሪን ጉልበት ይቀንሳልና የደሴ ሌሊት አያግዝም።

ሁለተኛው ጉዳት በዝምታ የሚመጣው ነው። ኮምቦልቻ የሚማሩ የምህንድስና ተማሪዎች የባትሪውን የኔጌቲቭ ሽቦ ፈትተው፥ በሽቦውና በባትሪው ራስ መካከል ቴስተር አግብተው ለኩልን። ቁልፉ ተዘግቶ ሳለ ያ ቻርጀር ከነቁጥሩ 0.02 አምፔር ይጠጣ ነበር። ይህ ኢምንት ይመስላል፤ ነገር ግን በ24 ሰዓት ሲባዛ በቀን 0.48 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ለፈተና ስናጠና ሞተር ሳይክሊቱ 8 ቀን ቆማ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ከ5ቱ 3.84 ሄዷል ማለት ነው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው ውሃ ሆነብን። (እንዲህ ሲለካ ሞተሩን ማስነሣት ክልክል ነው፤ ቴስተሩ ይበላሻል።)

ከዚህ በኋላ ያደረግነውን በተራ እንገልጻለን።

አንደኛ፥ ወጪያችንን ከገቢያችን በታች አደረግን። የቀድሞዎቹን መብራቶች አውጥተን ሁለት ባለ 8 ዋት ኤልኢዲ ገጠምን፤ ከቻርጀሩ ጋር 26 ዋት ስለሚሆን ከ35ቱ ውስጥ ለባትሪው 9 ይተርፋል። በጉም ጊዜ ስልኩን እንነቅላለን፤ ሞተሩም ዙሩ እንዳይወርድ በዝቅተኛ ማርሽ እንነዳለን፤ ይህ ለቁልቁለቱም የሚበጅ ነው።

ሁለተኛ፥ ተጨማሪው ዕቃ ሁሉ ቁልፉ ሲዘጋ አብሮ እንዲጠፋ ሪሌ አስገባን። ሪሌ እንደ በር ጠባቂ ነው፤ ከቁልፉ የሚመጣ ጥቂት ኤሌክትሪክ ሲያዘው ለብዙው በሩን ይከፍታል። በተለመደው ባለ አራት እግር ሪሌ ላይ፥ 30 የተባለው እግር በፊውዝ በኩል ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር፥ 87 ከመብራቱና ከቻርጀሩ ጋር፥ 86 ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ጋር፥ 85 ከኔጌቲቭ ጋር ይታሰራል።

ሦስተኛ፥ ፊውዙን ለባትሪው ቅርብ አደረግነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ተልጦ ብረት ቢነካ፥ ከፊውዙ በፊት ያለው ክፍል ጠባቂ የለውም። 26 ዋት 2.2 አምፔር ያህል ስለሚሆን የ5 አምፔር ፊውዝ በቃን። ሲቃጠል በቁራጭ ሽቦ መተካት እሳት መጋበዝ ነው።

አራተኛ፥ በየጊዜው እንለካለን። ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ሰዓት በኋላ ባትሪው 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ወደ 12 ከወረደ ከግማሽ በላይ ጎድሏል። ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ፥ ዕቃው ሁሉ በርቶ ሳለ፥ ከ13.5 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ጎተራው እህል እየገባለት አይደለም።

አምስተኛ፥ ለብዙ ቀን የምትቆም ከሆነ የኔጌቲቩን ሽቦ እንፈታለን። ባዶ ሆኖ የሰነበተ የእርሳስ ባትሪ በውስጡ ያለው ጨው ስለሚደድር ቢሞሉትም እንደ ቀድሞው አይዝም። የእግሩን ማስነሻም አሠራነው።

ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ለመጀመሪያዎቹ መብራቶች ከከፈልነው ያነሰ ነበር። የጎደለን ገንዘብ ሳይሆን ጥያቄ ነበር። እንግዲህ ወዳጆቻችን ሆይ፤ በሞተር ሳይክላችሁ ላይ አንዳች ነገር ከመግጠማችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህ ዕቃ የሚበላው ከየትኛው ትርፍ ነው? ቁልፉን ስዘጋውስ አብሮኝ ይተኛል? ለሁለቱም መልስ ከሌላችሁ ሽቦውን አትሰሩት። ጓደኛችን ዛሬ ደኅና ሆኖ ከኋላችን ተፈናጦ ይሄዳል፤ እኛም ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ምክር የተማርነው ለጥቂት አምልጦ መሆኑን አንረሳም።