እንደ ተከራይ ጻፉላቸው

ሮቢት ውስጥ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍ ሁሉ፣ የዕድር ጸሐፊም ይሁን ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ፣ ጣራው የሚያፈስ የቀበሌ ቤት ያላቸው አንዲት እማማ መምጣታቸው አይቀርም። የብዙዎቻችን ብዕር ያኔ በለመደው መንገድ ይሄዳል፦ «ጧሪና ደጋፊ የሌለኝ ምስኪን ስለሆንኩ መንግሥት አይቶ እንዲተባበረኝ በትሕትና እጠይቃለሁ»። አንጀት ይበላል። የተቀበለው ኃላፊ ግን «ለክረምት በጎ ፈቃድ» ብሎ ይመራዋል። ተራ ከደረሳቸው ወጣቶች መጥተው ቆርቆሮ ይመቱላቸዋል፤ ካልደረሳቸው የሚጠየቅ የለም። ምጽዋት ለምን ዘገየ ተብሎ ማን ይከሰሳል?

እማማ ኪራይ ከፋይ ናቸው። ማመልከቻውም ከዚያ ይጀምር።

የቀበሌ ቤት የመጣው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ሲወርስ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሄዱ። ኪራዩም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ቀበሌ ግን ርካሽ ርካሹን ቤት ከነእርጅናው ተረክቦ ለጥገና የማይበቃ ኪራይ መሰብሰብ ጀመረ። ስለዚህ «በጀት የለም» ሲሏችሁ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። «እንግዲያው በጀት እንደሌለ በደብዳቤ ይገለጽልን» በሉ። በቃል የተባለውን ይዞ የበላይ ኃላፊ ዘንድ መቅረብ አይቻልም፤ በደብዳቤ የተባለውን ይቻላል።

ማን ምን ይጠግናል ለሚለው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መነሻ ይሆናል። በውል ካልተለየ በቀር በር፣ የመስኮት መስታወት፣ ወለልና ቧንቧ የመሰለውን የተከራይ ጥገና ይለዋል፤ ጉዳቱ ከእርጅና ብቻ የመጣ ሲሆን ግን በዚህም ተከራዩ አይጠየቅም። የመንግሥት ቤት የራሱ መመሪያ ሊኖረው ስለሚችል መመሪያውን በጽሑፍ ጠይቁ። የመረጃ ነፃነት አዋጁ (590/2000) የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል፤ የክልል መሥሪያ ቤትም ከዚህ አይወጣም።

እንግዲህ ቤቱን ግቡና እዩት። ቆላ ነውና ምስጡን አትርሱ፤ ከውጭ ደህና የሚመስል ምሶሶ ሥሩ በቢላ ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ከዚያ እንዲህ ጻፉ፦ «ኪራይ የምከፍልበት የቤት ቁጥር ይህ የሆነ የቀበሌ ቤት የጓዳው ምሶሶ በምስጥ ተበልቶ ከወራጁ ተላቅቋል፤ ጣራው ከምኝታው በላይ በሁለት ቦታ ያፈሳል። ሰኔ 12 ቀን በቃል አመልክቻለሁ። ባለሙያ ተልኮ እንዲያየውና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲደርሰኝ አመለክታለሁ።» አለቀ። ዕድሜና ሕመም ይጠቀስ ከተባለ በመጨረሻ በአንድ መስመር ይበቃል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል። በሁለት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። ያለ ቁጥር የገባ ወረቀት እንዳልገባ ቁጠሩት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጊዜው ነው። ሰው የሚያመለክተው ሐምሌ ላይ፣ ውኃው አናቱ ላይ ሲንጠባጠብ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ግን ያን ጊዜ ገንዘቡ ተደልድሏል። ሐምሌና ነሐሴ የሚያፈሰውን በስልክ ፎቶ አንሱና አስቀምጡ፤ ማመልከቻውን ዕቅድ በሚወጣበት በበጋው፣ ቢዘገይ በየካቲት አስገቡ። አንድ ግቢ ወይም አንድ ሰፈር ያሉ ተከራዮች እያንዳንዳቸው የቤታቸውን ጉዳት ለይተው በአንድ ቀን ቢያስገቡ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሮቢትን ጨምሮ ቆቦና አካባቢው በ2013 እና በ2014 ሁለት ጊዜ ጦርነት አልፎበታል። የቢሮ ፋይል ጠፍቷል ከተባለ በአረጋዊቷ ሳጥን ውስጥ ያለው የኪራይ ደረሰኝና ውል ብቸኛው ማስረጃ ሊሆን ነው። ኮፒውን ስጡ፣ ዋናውን ለማንም አትልቀቁ።

መልስ ካልመጣ ወደ ወረዳው፣ ከዚያ ወልድያ ወደ ዞኑ ቅሬታ ሰሚ ሂዱ። እዚያም ካልሆነ በአዋጅ 211/1992 የተቋቋመው የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፣ በቃልም ቢሆን። ዘመድ ወይም ሌላ ሰው ስለ እሳቸው ሆኖ ማቅረብ ስለሚችል፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸውን እናት መኪና ላይ አትጫኑ። መጀመሪያ ግን የሚመለከተውን ቢሮ ጠይቃችሁ እንደነበር ተቋሙ ያያልና ማኅተም ያለበት ቅጂ እዚህ ይፈለጋል።

«ከሚወድቅብኝ ራሴ ላሳድሰው» የሚሉ አሉ። ልጅ ከዐረብ አገር ብር ልኮ ይሆናል። ፈቃዱን በጽሑፍ፣ ወጪው ከኪራይ ይታሰብ አይታሰብ እንደሆነም በጽሑፍ ሳትይዙ አንድ ሚስማር አታስመቱ። «ካመለከትኩ ከቤቱ ያስወጡኛል» የሚለው ፍርሃትም በሰፈሩ ሁሉ አለ፤ በጋራ ማመልከት የሚረዳው ለዚህም ነው።

ባለሙያ መጥቶ ጠግኖ ሲጨርስ የርክክብ ወረቀት ይዞ ይመጣል። እማማ ፊርማቸውን ወይም ጣታቸውን ከማሳረፋቸው በፊት አንድ ሰው ጣራው ላይ ይውጣና፣ ሚስማሩ ሁሉ ጎማ እንዳለው ይይ፤ ከዚያ አንድ ጀሪካን ውኃ ያፍስበት። እናንተ ከታች ሆናችሁ ኮርኒሱን ተመልከቱ።