የሌዘር የውስጥ ልብስ፦ ምን አይተን እንግዛ? እንዴትስ እንያዘው?

የዛሬው ርዕስ ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። ግን በውስጥ መስመር የሚመጣ ጥያቄ ስለሆነ በግልጽ እናውራበት፤ ስለ ጤና ሲወራ ነውር የለም።

አንዲት እህታችን ከኮላ ድባ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ (ስሟን ሳልጠቅስ እንዳወጣው ፈቅዳለች)፦ «ዶክተር፣ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሌዘር ፓንትና ጡት መያዣ ገዝቶልኝ መጣ። ሁለት ቀን ለበስኩት። በሦስተኛው ቀን ወገቤና ብሽሽቴ ቀላ፣ ያሳክከኝ ጀመር፣ ውሃ ቋጠረ። መርፌ ተወጋሁ፣ አልተሻለኝም። ባሌ በሽታ ይዞብኝ የመጣ መስሎኝ ከተኳረፍን ሳምንት ሆነን። ምን ላርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ሽፍታው የት የት እንዳለ በመስታወት እይው። የፓንቱን ጠርዝ ተከትሎ እንደ ቀበቶ ከዞረ፣ ዘለበቱ ባረፈበት ቦታ ደግሞ ክብ ሆኖ ከቀላ፣ ይሄ የንክኪ አለርጂ ይመስላል። የአባላዘር በሽታ የፓንት ቅርጽ ይዞ አይወጣም። ጊዜውም ይገጥማል፤ የንክኪ አለርጂ ወዲያው ሳይሆን ከነካን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚወጣው። መርፌው ያልሰራውም ለዚህ ይሆናል፤ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ እንጂ አለርጂ አያጠፋም። ነገር ግን ያልተለመደ ፈሳሽ፣ ቁስል፣ ሽንት ሲሸና ማቃጠል ወይም የታችኛው ሆድ ህመም ካለ ሁለታችሁም ተመርመሩ። በግምት አትኳረፉ፣ በግምትም አትታረቁ።

እሺ፣ ሌዘር ለምን እንዲህ ያደርጋል? (እንዳይምታታብን ከዚህ በኋላ «ቆዳ» ስል የሰውን፣ «ሌዘር» ስል የለፋውን ነው።)

በዓለም ላይ ከሚመረተው ሌዘር አብዛኛው፣ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው፣ የሚለፋው ክሮም በሚባል ማዕድን ነው። ፋብሪካው የሚጠቀመው ክሮም 3 ብዙም አያስቸግርም። ችግሩ በአለፋፉ ጉድለት፣ በሙቀት፣ በፀሐይና በመቆየት የተወሰነው ወደ ክሮም 6 ሲቀየር ነው። ክሮም 6 በላብ እየሟሟ ወደ ቆዳችን ይገባል፣ አለርጂም ያስነሳል። የአውሮፓ ህብረት ከቆዳ ጋር በሚነካካ ሌዘር ውስጥ የክሮም 6 መጠን በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስገድዷል። እኛ ገበያ ላይ ያለ ምልክት የሌለው ዕቃ ግን ይህን ስለማለፉ የሚነግረን ነገር የለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። ይኸው ክሮም 6 ሲሚንቶ ውስጥም አለ። ግንበኛ ሆኖ እጁ የሚሰነጣጠቅና የሚያሳክከው ሰው ለክሮም አለርጂክ ሊሆን ይችላል፤ የሌዘር ልብስም ሆነ የሌዘር ጫማ ሊያስነሳበት ይችላል። አንዴ አለርጂክ የሆነ ቆዳ ደግሞ አይረሳም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ክፍት የሌዘር ጫማ እግራችሁን ካሳከካችሁ፣ ሌዘር ፓንት ባትሞክሩ ይሻላል።

«እናቴ በአንቀልባ አዝላ ነው ያሳደገችኝ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግን የባላገሩ አንቀልባ በክሮም አልለፋም፤ በባህላዊ መንገድ ለፍቶ በቅባት እየታሸ የሚለሰልስ ነው። የሚነካውም ጀርባን በልብስ ላይ እንጂ ብሽሽትን አይደለም። የብሽሽት ቆዳ ስስ ነው፣ ያልበዋል፣ ይፋተጋል።

ሁለተኛው ጥፋተኛ ብረቱ ነው። ዘለበት፣ ቀለበት፣ ዚፕ ውስጥ ኒኬል አለ፤ ከንክኪ አለርጂዎች ሁሉ በብዛት የሚታየው የኒኬል ነው። አርቴፊሻል የጆሮ ጌጥ ጆሮሽን የሚያቆስልሽ ከሆነ መልሱን አግኝተሻል። ሦስተኛው ቀለምና ማጣበቂያ። አራተኛ ደግሞ በዕቃው ውስጥ የሚገባው ትንሽ ከረጢት፤ በ2000ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ የሌዘር ሶፋ የገዙ ሰዎች ጀርባና ጭናቸው ተቃጠለ። ሲጣራ ሻጋታ እንዳይዘው የተጨመረ ዳይሜቲል ፉማሬት የሚባል ኬሚካል ሆኖ ተገኘ፣ በ2009ም ታገደ።

አለርጂ ባይኖርባችሁም ሙቀቱ አለ። ከጎንደር ወጥታችሁ በአዘዞ ወደ ደንቢያ ሜዳ ስትወርዱ አየሩ እንደሚሞቅ ታውቁታላችሁ። ሌዘር እንደ ጥጥ ላብ አይመጥም። «ሌዘር» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛው ደግሞ ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው፤ ጭራሽ አያስተነፍስም። ላብ ሲታፈን የብሽሽት ጭርትና የካንዲዳ ፈንገስ ይመቻቸዋል። እባካችሁ እንዲህ ያለውን ፊት ለማቅላት በተገዛ የስቴሮይድ ክሬም አትቀቡት፤ ማሳከኩ ለጊዜው ይበርዳል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ይሄዳል።

ወንዶችም አላችሁበት። የዘር ፍሬ በደንብ የሚሰራው ከሰውነት ሙቀት ጥቂት ዲግሪ ቀዝቀዝ ሲል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት 656 ወንዶችን አይቶ፣ ሰፊ የውስጥ ሱሪ የሚያዘወትሩት የዘር ክምችት 25 በመቶ ያህል ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ልጅ እየሞከራችሁ ከሆነ ጠባብ ሌዘሩ ይቆይ።

ታዲያ መግዛት ለፈለገ? ገልብጡት። ጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው፤ ጀርባው እንደ ከፋይ ጭረት ጭረት ካለው እውነተኛ ሌዘር ነው (ገበር ካለው በጠርዙ እዩት)። ገበሩ ጥጥ ይሁን፤ በተለይ ብልት የሚያርፍበት ቦታ ያለ ጥጥ ከሆነ አትግዙ። ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥባችሁ አሥር ጊዜ እሹት፣ ቀለም ከለቀቀ ተዉት። ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ይግባ። ብረቱ ቆዳ የሚነካ ከሆነ ከሥሩ ጥጥ አሰፉበት። እኔን ካላችሁ ግን አገር ውስጥ ማሰራቱ ይሻላል፤ የደጋ በጋችን ሌዘር ለጓንት በዓለም የሚፈለግ ለስላሳ ነው፣ ሰፊው ደግሞ የፈለጋችሁትን ገበር ያደርግላችኋል።

ከሰልባጅ የውስጥ ልብስ፣ በተለይ የሌዘር፣ በፍጹም! መዋዋስም የለም። ሌዘር ተቀቅሎ አይጸዳም፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ዕቃ ላይ እስከ 7 ቀን መቆየት ይችላል።

አያያዙ ቀላል ነው። ለአጭር ሰዓት እንጂ ሙሉ ቀን አይለበስም፤ ተለብሶም አይታደርም። የወር አበባ ላይ፣ ቁስል ወይም ሽፍታ ካለ፣ በተላጨ ማግስት አይሆንም። ሲወልቅ ውጪውን በረጠበ ጨርቅ፣ ገበሩን በትንሽ ለስላሳ ሳሙና መጥረግ፣ ሳሙናውን በደንብ ማስለቀቅ። ኦሞ፣ በረኪና፣ መዘፍዘፍ ያበላሸዋል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ላይ ይድረቅ፤ ፀሐይና የከሰል ምድጃ አጠገብ ከሰጣችሁት ይሰነጠቃል፣ ክሮሙንም ወደ መጥፎው ይገፋዋል። በፌስታል አትቋጥሩት፣ በጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ ክረምት ላይ በየጊዜው አውጥታችሁ አናፍሱት። ገበሩ ከሻገተ ይጣል።

አንድ ከባድ ነገር ቀረ። ሌዘር ማለስለሻ ዘይት ነው። ዘይት፣ ቫዝሊን፣ ቅቤ ደግሞ የላቴክስ ኮንዶምን ይበሉታል፤ በላብራቶሪ በማዕድን ዘይት 60 ሰከንድ ብቻ የቆየ ኮንዶም ጥንካሬው በ90 በመቶ ገደማ ወርዷል። በኮንዶም ለምትጠቀሙ ጥንዶች ይህ የኤችአይቪና ያልታሰበ እርግዝና ጉዳይ ነው። የተቀባውን ልብስ አውልቃችሁ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ ብቻ ኮንዶሙን ክፈቱ። ማለስለሻ ካስፈለጋችሁ በውሃ የተሰራውን ፋርማሲ ጠይቁ።

ሽፍታ የወጣባችሁ ደግሞ፦ ልብሱን አውልቁ፣ በንጹህ ውሃ ታጠቡ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹህ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያህል አድርጉበት። የቋጠረውን አታፍርጡት። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አልኮል አይነካውም። እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለ ኮላ ድባ ያላችሁ እዚያው ሆስፒታል ሂዱ፤ እየተመላለሰ ካስቸገረ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉት። ስትሄዱ ልብሱን በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ አትፈሩ። ለሐኪሙ ከብዙ ጥያቄ ይልቅ እሱን ማየት ይቀለዋል።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ፣ በግል መጠየቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።