ጤና በገበያና ጤና በቤት

ጤና ለሰው ልጅ ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ ሀብት መሆኑን የማይቀበል ሰው የለም። ነገር ግን ይህን ሀብት በምን መንገድ መጠበቅ እንደሚገባ ሲጠየቅ መልሱ እንደ ዘመኑ ይለያያል። በዛሬው ዘመን ጤናን መጠበቅ ራሱን የቻለ ትልቅ ንግድ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ወር ትምህርታችን ከዚህ ንግድ የትኛው እንደሚጠቅም፥ የትኛው ገንዘብን ብቻ እንደሚወስድ፥ የትኛውስ ሕይወትን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ለሚኖሩ አንባብያን ለመግለጥ እንወዳለን።

ለጤና ሲባል ገንዘብና ጊዜ ማውጣት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ መቈርቈር ምክንያት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በወሎ ቆላማ አገር ሴቶች ዘንድም በወይባ እንጨት ጢስ ሰውነትን ማጠን የቆየ ልማድ ነው። አዲስ የሆነው የንግዱ ስፋት ነው። ግሎባል ዌልነስ ኢንስቲትዩት የተባለው ድርጅት እንደ ገመተው፥ በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ለዚህ ዓይነቱ አገልግሎትና ሸቀጥ የወጣው ገንዘብ 6.3 ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ደርሷል። በአዲስ አበባም የወይባ ጢስ ከእንፋሎት መታጠቢያ ጋር በዋጋ ይሸጣል፤ የስፖርት ቤቶች በየሰፈሩ ተከፍተዋል፤ የሺፈራው ቅጠል ዱቄትም ታሽጎ በየሱቁ ይገኛል።

የገዛ እህላችን እንኳ ከዚህ ንግድ አላመለጠም። ጤፍ በውጭ አገር የጤና ምግብ ተብሎ መፈለግ በጀመረ ጊዜ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶ ነበር። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ አዲስ ፈጠራ የሌለበት መሆኑን ገልጾ መብቱን ውድቅ አደረገው። ከዚህ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ሌላው ዓለም በውድ ዋጋ የሚሻው ምግብ አስቀድሞ በእኛ መሶብ ላይ የነበረ መሆኑ ነው። የሀብሩ ገበሬ የሚያመርተው ማሽላም ከነገለባው ሲፈጭ ከጤፍ የማያንስ ጠቃሚ እህል ነው።

ከአዲሱ ንቃት በጎውን መካድ አይገባም። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው ሕዝቡ በእግሩ እንዲንቀሳቀስ መደረጉ፥ በ2009 ዓ.ም. በወልድያ ትልቅ የስፖርት ማዕከል መመረቁ፥ የሚያስመሰግኑ ነገሮች ናቸው። ዳገትና ቁልቁለት የለመደው የወልድያ ሰው ዛሬ ለአጭር መንገድ ሁሉ ባጃጅ መጥራት ጀምሯልና፥ ሰውነትን ማንቀሳቀስ የሚያስተምር ሁሉ ወዳጅ ነው።

አደጋው የሚመጣው ሸቀጡ የመድኃኒትን ቦታ በወሰደ ጊዜ ነው። «ደም ያጠራል፤ ስኳር ያጠፋል፤ ግፊት ይፈውሳል» እየተባለ የሚሸጥ ዱቄትና ሻይ በየገበያው ይታያል። ሺፈራውን ብንወስድ ለኮንሶ ሕዝብ እንደ ጎመን የሚበላ መልካም አትክልት ነው። ነገር ግን ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ሊተካ አይችልም።

የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው በሽታ መሆኑ በሚገባ ሊታወቅ ይገባል። በሽተኛው ምንም ሳይሰማው ይውላል፤ ክኒኑን ትቶ ቅጠል ቢጠጣም በዚያው ሳምንት የሚሰማው ለውጥ አይኖርም። ስለዚህ ዳንሁ ብሎ ያምናል። ግፊቱ ግን ውስጥ ለውስጥ ልብን፥ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥሮች ይጎዳል። አንድ ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው፥ አንደበቱም ሲያያዝ፥ ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ አብሮ ይወድቃል፤ በሬ ተሸጦ፥ ልጅ ከትምህርት ቀርቶ አባት ይታመማል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈው የዘወትር መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን መድኃኒት አጥተው ነበር። በዚያ ወራት ተገዶ ያቋረጠ፥ ከዚያም ወዲህ «ደኅና ነኝ» ብሎ ሳይመለስ የቀረ ሰው ካለ፥ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

እንግዲህ ዋጋቸው ጥቂት፥ ጥቅማቸው ግን ብዙ የሆኑትን የጤና መንገዶች በተራ እናመልክታለን።

1ኛ፤ ፍራፍሬና አትክልት መመገብ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም እንዲሆን ይመክራል። በመርሳና በግራና አካባቢ ብርቱካን፥ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል። ነገር ግን ብርቱካኑን ሸጦ በዋጋው ለልጁ ለስላሳ መጠጥ የሚገዛ አባት ጤናን ሸጦ በሽታን እንደ ገዛ ይቈጠራል፤ በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ መጠጥ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለና።

2ኛ፤ ጨው መቀነስ። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ይበቃዋል። በበርበሬና በሽሮ ውስጥ አስቀድሞ የተጨመረው ጨው አብሮ መቈጠሩ አይረሳ።

3ኛ፤ በእግር መሄድ። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፥ ማለት በአምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ይገባል። እርሻ የሚያርስና ውሃ የሚቀዳ ሰው ይህን አስቀድሞ ይፈጽማል፤ ምክሩ ይልቁንም በሱቅና በቢሮ ተቀምጦ ለሚውለው ነው።

4ኛ፤ ግፊትን መለካት። ደኅና ነኝ የሚል ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይለካ። ልኬቱ በተለያዩ ቀናት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ የሐኪም ክትትል ያስፈልገዋል። ጫትና ሲጋራም ግፊትን የሚያባብሱ ናቸው።

5ኛ፤ ጾምን ከሐኪም ጋር መምከር። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት መድኃኒቱንና የምግቡን ሰዓት እንዴት እንደሚያደርግ ይጠይቅ እንጂ በራሱ ፈቃድ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

6ኛ፤ ወይባ ሲሞቁ አየር ማስገባት። በተዘጋ ቤት ውስጥ የፍም ጢስ ሽታ በሌለው መርዝ ሊገድል ይችላል። ነፍሰ ጡርና አስም ያለባት ሴት ከጢስ ትራቅ።

በመጨረሻም ለጤና የሚሸጥ ነገር ከመግዛታችን በፊት ሻጩን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቀው። መድኃኒት ነው ካለ፥ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧልን? አንዱ ነገር የማይገናኙ ብዙ በሽታዎችን ሁሉ ይፈውሳል ይላልን? ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ተዉ ይለናልን? ለመጀመሪያው «አልተመዘገበም»፥ ለሁለተኛው ወይም ለሦስተኛው «አዎን» የሚል መልስ ካገኘን ገንዘባችንን በኪሳችን እናቈይ።

ወደ ስፖርት ቤት ለመግባት አቅም ያለው ይግባ፤ እንፋሎት መታጠብ የሚወድም ይታጠብ። አቅም የሌለው ግን ከጤና ተከለከልሁ ብሎ አይዘን። ጓሮው፥ እግሩና የቀበሌው ጤና ኬላ ከእርሱ ጋር ናቸው። በእጅ ያለውን ትቶ በሩቅ ያለውን መመኘት ጉዳት ነውና፥ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ ከዚህ ወር ጀምሮ በዕድሜ የገፉትን አባትና እናት ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ በመሄድ ግፊታቸውን እንዲያስለካ አደራ እንላለን።