ሰላምታውን ስጪው፣ ቡናውን አትልቀቂ

«የምኖረው መቱ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሁሩሙ ያለንን የቡና ማሳ የማስለቅመው እኔ ነኝ። አምና ዋርሳዬ ድንበር ላይ ያሉትን የቡና እግሮች “የአባቴ ተክል ነው” ብሎ ለቅሞ ወሰደ። ከዚያ በኋላ ተኳረፍን። አንድ ቤተ ክርስቲያን እያስቀደስን ፊት እንዟዟራለን። በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ግን ቀድሜ ሰላም ካልኩት ቡናውን የለቀቅኩለት ይመስለዋል። ልጆቼስ ምን ይበሉ? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ልብሽን የሚያየው እግዚአብሔር ነው። ዋርሳሽ የሚያየው ፊትሽን ነው፤ እሱን ደግሞ አዙረሽበታል። በቅዳሴ ዲያቆኑ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል እሱ በወንዶች በኩል፣ አንቺ በሴቶች በኩል ናችሁ፤ ለኩርፊያ የተመቸ አቋቋም ነው! ስለዚህ የሚቀርሽ የቅጽሩ በር ነው። ሲወጣ ጠብቂና «እንዴት አደርክ» በይው። ባይመልስልሽ በሚቀጥለው እሑድ ድገሚው። ወንጌሉ መባህን ትተህ ሂድ ያለው የበደለውን ብቻ አይደለም፤ ወንድሙ የተቀየመበትን ሁሉ ነው። ስለ ቡናው ግን እዚያ በር ላይ አንዲት ቃል እንዳታነሺ።

የቡናው ነገር ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ የዋህ እንዳትሆኚብኝ። ሰላም ዝም ማለት ቢሆን ኖሮ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. እዚያው እናንተ አካባቢ ጎሬ ላይ በጣሊያን እጅ ባልተገደሉ ነበር። አርበኞቹን አውግዙ ቢባሉ እምቢ ያሉ ጳጳስ ናቸው።

ጥቅምት ገብቶ ለቀማው ሳይጀመር ሽማግሌ አስቀምጪ። አንዱን አንቺ ምረጪ፣ አንዱን እሱ ይምረጥ፤ ሦስተኛ የነፍስ አባትሽ ይጨመሩ። የይዞታ ደብተሩን ይዘሽ ቅረቢ። ሽማግሌዎቹ ማሳው ድረስ ሄደው ድንበሩን በዓይናቸው ይዩት፤ መቱ ተቀምጠው ስለ ሁሩሙ ድንበር የሚፈርዱ ከሆነ ባይጀምሩት ይሻላል። ነገሩ ካልተቋጨ፣ የዘንድሮው ጀንፈል ከሽማግሌዎቹ በአንዱ ቤት ይቀመጥ፤ ማንም አይሽጠው። ዋርሳሽ ይህንንም እምቢ ካለ ፍርድ ቤት አለ። ተካሰው ሰላም የሚባባሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ልጆቹን አጎታቸው ቤት እንዳይሄዱ ከልክለሻቸው ከሆነ ዛሬውኑ ፍቀጂላቸው። ከጎረቤት ጋር ቡና ስትጠጪም ስሙን አታንሺ፤ ወሬው ካንቺ ቀድሞ ሁሩሙ ይገባል።